የዓሣ ኩሬው ጥቁር ላስቲክ

የምናለን አስከሬን ከዓሣ ኩሬው ሲያወጡት በአሥሩም ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ አልጌ ተሰግስጎ ነበር። ዋና ሳጅን ያለምወርቅ አጠገቡ ተንበርክካ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ወደ ኩሬው ዞረች። ግድግዳው እንዳለ በጥቁር ላስቲክ የተለበጠ ነው። ውሃ እንዳይሰርግ የተነጠፈው ላስቲክ አልጌ ለብሶ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ የገባበት ሰው ዳሩን እየቧጠጠ ይደክማል እንጂ አይወጣም።

ዕለቱ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ዘመኑም 2001 ዓ.ም. ነበር። ምናለ ለበዓል ከባሕር ዳር የመጣ መምህር ነው። አጎቱን መሪጌታ አካለ ወልድን ከቅዳሴ በኋላ ይዞ፣ ደምበጫ አጠገብ ያለውን የአቶ ውበቱን የዓሣ እርባታ ሊያስጎበኛቸው መጣ። ደጋ ላይ ዓሣ ሲረባ ማየት ለአገሬው ብርቅ ነው፤ በበዓል ሰሞን ጎብኚ አይጠፋም።

ያለምወርቅ ስትደርስ ሚሊሻዎቹ ጥበቃውን አበረን አስረውት ነበር። ትናንት ምናለ ብቻውን መጥቶ ሳያስፈቅድ መረብ ሲጥል አበረ አግኝቶት «ሁለተኛ ባገኝህ እዚሁ ነው የምጥልህ» ብሎታል፤ ዛሬ ደግሞ እስከ አንገቱ ርሷል። ለእነሱ ይኸው በቂ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።

«ውሃው ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው።

«ላወጣው ነው የገባሁ። ዋና አልችልም፤ የመረቡን ገመድ ከግራሩ አስሬ፣ ወገቤን ታጥቄ ገባሁ። ስደርስ አልቋል።»

«ሲጮህ አልሰማህም?»

«መጋዘን ነበርሁ። ፓምፑ ሲሠራ እንኳን የሰው ድምፅ፣ ነጎድጓድም አይሰማ። ስወጣ ነው ያየሁት።»

ገመዱ አሁንም ከግራሩ ላይ እንደታሰረ ነው። ለጎብኚዎች ዓሣ የምትጠብሰው የአበረ ሚስት ወለተ ሰንበት የያለምወርቅን እጅጌ ያዘች። «መኪናው ይዞት ከሄደ ማን ይመልስልኛል?» አለች።

አቶ ውበቱም እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል። «ላይ ወጥቼ ቦዩን ስከፍት ነው» አሉ። ሄዳ አየች፤ ቦዩ በእርግጥ ተከፍቷል፤ ጭቃው ላይ ያለው ዱካም የእሳቸው ጫማ ነው።

መሪጌታ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ለጎብኚዎች በተሠራው ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ምን አዩ?»

«ከዚህ አልተነሣሁም፣ ልጄ። ዛሬ ቆርቤያለሁ፤ ወደ ውሃ አልቀርብም።»

ነገሩ እውነት ነው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ውሃ አይገባም፤ ያለምወርቅም ያደገችው በዚሁ ሥርዓት ነው። እጅ ነሥታ ወደ ኩሬው ተመለሰችና ዳር ዳሩን አጎንብሳ ዞረች። በስተምሥራቅ በኩል ስትደርስ ቆመች። ለረጅም ጊዜም ቀና አላለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉንም ወደዚያው ጠራቻቸው።

«ስንፈልግ የዋልነው የረጠበ ሰው ነው» አለች። «ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ሳህን የዓሣ መመገቢያ ነው፤ ፉርሽካው እዚህ ተደፍቷል። ምናለ ዓሣ ሊመግብ ጎንበስ ሲል አዳለጠው። የትግል ዱካ የለም፤ ማንም አልገፋውም። ይህ በጥፍሩ የቧጠጠው ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ተመልከቱ። አሁን ደግሞ ከፊት ለፊቱ ጭቃውን እዩ።»

ጭቃው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ተደራርበዋል።

«የሚራመድ ሰው መቋሚያውን በየእርምጃው ነው የሚተክለው። ይህ ግን አንድ ቦታ ቆሞ የነቀለና የተከለ ሰው ነው። አቶ ውበቱ መቋሚያ የላቸውም፤ አበረም የለው። የኔታ፣ የእርስዎን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ሰጧት። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ልክ ገባ። ከዚያ ላስቲኩ ላይ ቁልቁል አጋደመችው። ጥፍር የቧጠጠውን አልፎ ውሃውን ነካ፤ አንድ ክንድ ያህልም ተረፈ። እዚያው አስቀምጣው ተነሣች።

«ይደርስለት ነበር። ሰው ሲታሰርም ዝም አሉ» አለች፤ ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም።

መሪጌታ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ቁርባኑ አልከለከለኝም። ተማሪ ቢጠይቀኝ ነፍስ ይቀድማል፣ ግባ እለው ነበር። መቋሚያውን ባቀብለው ጎትቶ ይዞኝ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ሰው እንኳ አልጠራሁ። እሱ ‹አጎቴ፣ አጎቴ› ይላል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ።» ወደ ውሃው ዞሩ። «እናቱ አማኑኤል ከተማ ሆና ለምሳ እየጠበቀችን ነው። እህቴን ምን ትያታለሽ?»

ያለምወርቅ ፖሊስ ከሆነች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እሳቸውን በምን እንደምትጠይቅ ሕጉ ይነግራታል፤ ለእናቲቱ የሚባለውን ግን የሚነግራት የለም። የአበረን እጅ ፈታች።

በዚህ መሐል መሪጌታ ወደ ውሃው ሲጠጉ አዳለጣቸው። ጭቃው ላይ ዘጭ አሉ፤ እግሮቻቸው ላስቲኩ ላይ ወጥተው ወደ ውሃው መንሸራተት ጀመሩ። ክንዱን ሲያሻሽ የነበረው አበረ መቋሚያውን ብድግ አድርጎ ጫፉን ዘረጋላቸው።

«ይያዙ፣ የኔታ።»

ያዙ። አበረ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ሳባቸውና አወጣቸው። መቋሚያው አልተሰበረም፤ አበረም አልወደቀም።