ወታደር ሁለት ቤት አይዘልም

ሰውየው የቼዝ ወታደሩን ሁለት ቤት ወደ ፊት ገፋው።

ብርነሽ ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የባና ብርድ ልብስ ጥቅል ወደ ራሷ ሳብ አደረገው። ጥቅሉ ውስጥ ከአንድ የመርሐቤቴ ገዳም የተሰረቀ የብራና መጽሐፍ አለ።

ወይም ቅጂው።

በመንዟ ዘመሮ ከተማ የገበያ ቀን ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከሆቴሉ በረንዳ ፊት ለፊት በግ ሻጭና ገብስ ሸማች ይጋፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የባና ነጋዴ ሆና ኖራለች፤ ማኅበር ጠጥታለች፣ ለቅሶ ደርሳለች። «ብርነሽ» የሚለውን ስም ያወጣላት የስለላ መሥሪያ ቤቷ ነው።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። መጽሐፉን ገዢ መስላ ከሌቦቹ ወስዳለች። ሌቦቹ ግን ቅጂም አሠርተዋል። እውነተኛውን ከቅጂው የሚለይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ሦስት ወር ሙሉ የሌቦቹን ወሬ በስልክ መልእክት ያቀበላት የገዳሙ ሰው። የምስጢር ስሙ «ፊል»፤ በአገራችን የጥንት ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የዝሆኑ ጠጠር ስም ነው። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ዛሬ ተገናኝተው መጽሐፉን ለይቶ ይረከባታል።

መተዋወቂያቸው ቼዝ ነው። ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀው የጣልያን አከፋፈት፤ መጀመሪያ ወታደር፣ ቀጥሎ ፈረስ። በሦስተኛው ተራ ግን «ፊል» ንጉሡን ከቤቱ ያስወጣል። ጤነኛ ተጫዋች ይህን አያደርግም፤ ምልክት የሆነውም ለዚሁ ነው።

«ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?» አለች።

«ለምደነዋል።»

ፈረሷን አወጣች። ፈረሱን አወጣ። ጳጳሷን ሰደደች።

ሰውየው ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ፊት አስወጣው።

ሁሉም ልክ ነው። ከመጀመሪያዋ ወታደር በቀር።

«ፊል» በመልእክት አሥራ አንድ ጨዋታ አብሯት ተጫውቷል። አንድም ቀን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ አያውቅም። ስትጠይቀው «አባቴ ያስተማሩኝ የጥንቱን ሰንጠረዥ ነው። ወታደር ሁለት ቤት አይዘልም፤ እግረኛ ነው» ብሎ ጻፈላት። ለምልክቱም ቢሆን እንቢ አለ። እሷም ስቃ አንድ ቤት ይሁን አለችው። ሪፖርቱ ግን «ሁለት ቤት» ብሎ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ለማረም ሰነፈች።

ሪፖርቱን ያነበበው አንድ ሰው ነው።

ምንይሉ። አለቃዋ። ሥራውን ያስተማራት፣ እናቷ ስትሞት ከቃሬዛው ሥር የገባላት ሰው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። 

ስልኳን አወጣችና ለ«ፊል» ባዶ መልእክት ላከች። ከሰውየው ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ስልኩን የወሰደ ባለቤቱንም ይዞታል ማለት ነው።

«ባለ ስልኩ የት አለ?»

«እኔ ነኛ!»

«አትልፋ ወንድሜ።» «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «አንድ ጩኸት ከጮኽኩ ይህን ጥቅል ይዘህ ከገበያው አትወጣም። ሰውየውን ስጠኝ፣ ጥቅሉን ውሰድ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ጓሮ ነው። ተነሺ።»

ከሆቴሉ ጀርባ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። መሪውን የያዘው ምንይሉ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ጎናቸውን ይዘው አቀርቅረዋል። ጋቢያቸው ደም ነክቶታል።

«ሰጥተሽው ዝም ብለሽ ብትሄጂ ምን ነበረበት?» አለ ምንይሉ።

«አውርዳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልተያየንም።»

ምንይሉ ተስማማ። ያመነው እሷን ሳይሆን ደንቡን ነው። ሰላይ አይታይም፣ ሰላይ አይጮህም፤ ራሱ ነው ያስተማራት። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ክንዷ ላይ ወደቁ፣ ሰውየው ጥቅሉን ይዞ ገባ፣ መኪናው ተነሳ።

ወደ ገበያው መንገድ ታጠፈ።

ብርነሽ ደንቡን ሰበረችው።

«ኡ ኡ ኡ! የገዳም መጽሐፍ ይዘው ሄዱ! ነጩን መኪና! ያገሬ ሰው ያዙልኝ!»

መንዜ ለበግ ሌባም ይነሳል፤ ለቤተ ክርስቲያን ሌባማ አይነገርም። በግ የጎተተ በጉን፣ ገብስ የሰፈረ ቁናውን ጥሎ መንገዱን ሞላው። ምንይሉ ጡሩምባ ነፋ፤ ማን ሊሰማው። አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰዉ ጎንበስ አለ እንጂ አልሸሸም። ሚሊሻዎች ደርሰው ሁለቱን አወረዷቸው፤ አንድ ቄስም ጥቅሉን ታቅፈው መጡ።

ሽማግሌው፣ እውነተኛው «ፊል»፣ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ይባላሉ። መሬት ላይ እንደተኙ መጽሐፉን አስገለጡ። የአንድ ገጽ ጠርዝ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እሱ ነው። ይቺን የጧፍ ጠብታ ያንጠባጠብኳት እኔ ነኝ፤ ዳዊት ስደግም አንቀላፍቼ። የኔታ ገርፈውኛል።»

ገበያተኛው እልል አለ። የብርነሽ ጎረቤት ጌታነሽ ብቻ እልል አላለችም።

«ብርነሽ፣ አንቺ ማን ነሽ?»

ፊቷን ወደ መሪጌታ አዞረች። ብርነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ በእውነት የወደደቻት ሴት ነበረች።

አምቡላንስ መጣ። ነርሱ የጎን አጥንት ተሰብሮ ሳንባ ሳይነካ እንዳልቀረ ተናገረ። መሪጌታ በቃሬዛ ሲነሱ እጇን ያዙ።

«ስመ ክርስትናሽ ማን ነው፣ ልጄ? እግዜር ዕድሜ ከሰጠኝ በጸሎቴ ላንሣሽ።»

እስከ ዛሬ ሰው ስሟን የሚጠይቃት ሊያጠምዳት ነበር። የለመደ አፏ ቀደማት።

«ወለተ ኢየሱስ።»

ውሸት ነው። እሱንም ያወጣላት መሥሪያ ቤቷ ነው።

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው እንዳይጠፋባቸው ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት። በሩ ተዘጋ። «አባቴ፣ ይቆዩኝ!» ብላ እውነተኛውን ልትነግራቸው ሮጠች። አምቡላንሱ አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ከእንግዲህ በዘመሮ ብርነሽ መሆን ስለማትችል ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፈረች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ጎትታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዞሮ ያያት የለም። አለቀሰች። አንድ ደግ ሰው፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ ለአንዲት ወለተ ኢየሱስ እየለመነ ነው። እንዲህ የምትባል ሴት ግን የለችም።