የኤሊዋ ምስክር

«ይህ ነገር ውሸት ከሆነ ይህን ባሕር በማንኪያ እየጠጣሁ ልጨርሰው! ከነጨው፣ ከነዓሣው!»

ካፒቴኑ ደረቱን ደለቀ። ጀልባዋ ሳትቀር ያመነችው ይመስል ወዝወዝ አለች።

ሴት ልጁ ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። ይህን መሐላ ከገዛ ስሟ በላይ ታውቀዋለች። አሁን ትንፋሹን ይስባል፤ ቀጥሎ ወደ ጥቁሩ አለት ይጠቁማል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

በደሴቲቱ ዙሪያ ጎብኚ የሚያዞሩ ጀልባዎች እንደ አሸን የፈሉ ናቸው። የአንዱ ወለል መስታወት ነው፤ ተሳፋሪው እግሩ ሥር ዓሣ እያየ ይሄዳል። ሌላው ጥላ፣ ለስላሳ ወንበርና ሙዚቃ አለው። የካፒቴኑ ጀልባ ያላት ደግሞ አንድ የሚያስል ሞተር፣ ሁለት አግዳሚና አንድ ታሪክ ነው። ታሪኩ ግን ታሪክ ነው! ሰው ሰባት ባሕር አቋርጦ የሚመጣው እሱን ለመስማት ነው ብትሉት፣ ካፒቴኑ «ስምንት ነው» ብሎ ያርማችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቁሩ አለት ሥር፣ ከውሃው በታች፣ ቀዳዳ አለ። አንድ ቀን ማዕበሉ ፎቅ አክሎ ሲወራጭ፣ ካፒቴኑ በአንድ ትንፋሽ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። መሐል ላይ አየር አለቀበት። ያኔ አንዲት የባሕር ኤሊ ከየት መጣች ሳትባል መጥታ፣ በጀርባዋ አዝላ በወዲያኛው በኩል አወጣችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህቺ ኤሊ ግን እያደር ትከብድ ነበር። መጀመሪያ ሳህን ታክል ነበር። ከዚያ ጠረጴዛ አከለች። ዘንድሮ ሚኒባስ ሆናለች።

«ካላመናችሁኝ ልጄን ጠይቋት! እዚችው ቁጭ ብላ እያየች ነበር!»

እዚህ ላይ የእሷ ተራ ይደርሳል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሥራዋ ይህ ስለሆነ የወደቡ ሰው ሁሉ ስሟን ትቶ «ምስክሯ» ነው የሚላት።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» አለች ዛሬም። ደስ ስላላት ከራሷም ጨመረችበት። «ስትሄድ እንዲያውም በእግሯ ቻው ብላናለች።»

ተሳፋሪው አጨበጨበ። አባቷ ጠቀሳት፤ እሷም መልሳ ጠቀሰችው። በዚህ ሥራ ላይ በደሴቲቱ የሚወዳደራቸው የለም።

አንድ ልጅ ግን አልሳቀም። ከእናቱ ጋር ለእረፍት የመጣ፣ የእሷ እኩያ የሚሆን ጎረምሳ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያልሞከረው የለም፤ ወፎች የሚያርፉበት ቋጥኝ ጫፍ ላይ ወጥቷል፣ ባሕሩ ላይ ካዘነበለው የኮኮናት ዛፍ ተንጠልጥሎ ፎቶ ተነስቷል፣ ጀልባዋ በቆመች ቁጥር ዘሎ ውሃ ገብቷል። አሁን የዋና መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና እንደገና ዘለለ። ብቅ ሲል የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ተንጠለጠለ።

«እኔም እገባለሁ» አለ።

«የት?» አለ ካፒቴኑ።

«ቀዳዳው ውስጥ ነዋ! በዚህ ገብቼ በዚያ እወጣለሁ። ማሚ፣ ቪዲዮ ቅረጪኝ!»

እናቱ ሰፊ ባርኔጣዋን ቀና አድርጋ ስልኳን አወጣች። «እሱን የሚያህል ዋናተኛ በትምህርት ቤቱ የለም» አለች ኮራ ብላ። «ካፒቴን፣ እርስዎ በዚያ ማዕበል ከወጡ፣ ለእሱ ዛሬ ምን ያቅተዋል?»

ምስክሯ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ያንን ቀዳዳ ታውቀዋለች። አምና መነጽር አድርጋ አፉ ድረስ ጠልቃ በባትሪ አብርታበታለች። እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄድና ግድግዳ ይሆናል። ወዲያኛው በኩል የሚባል ነገር የለውም። ለመዞርም ቦታ የለውም።

«ይቅርብህ የኔ ጌታ» አለ ካፒቴኑ። «ጨለማው እኮ በእጅ የሚጨበጥ ነው!»

«አሪፍ!»

«ውሃው ይስባል! ዝሆን ቢገባ እንደ ክኒን ነው የሚውጠው!»

«አቦ ይመችዎት! ይሄማ አይታለፍም።»

«ኤሊዋም... ኤሊዋም አራስ ናት! አራስ ኤሊ ሰው አታስጠጋም!»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ ግን ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ማግነን ብቻ ነው፤ ልጁን ላስፈራራው ብሎ ባገነነ ቁጥር ልጁ ይብስ ይጓጓል። ሞተር አስነስቶ እንዳይሄድ ልጁ ከሞተሩ ተሽከርካሪ ብረት አጠገብ ነው ያለው።

«ቀዳዳው ተዘግቷል» አለች ምስክሯ ቶሎ ብላ። «በቀደም ድንጋይ ተንዶበታል።»

«ችግር የለም፤ ገብቼ አየዋለሁ። ከተዘጋ እመለሳለሁ።»

አባቷ ዞሮ አያት። ዓይኑ አንዴ «አንድ ነገር በዪ» ይላታል፣ አንዴ «እንዳታዋርጂኝ»። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ታውቃለች። ከተናገረች ነገ ጠዋት ወደቡ ላይ ባለ መስታወቶቹ አባቷን «ኤሊው መጣ!» እያሉ ይቀበሉታል። ማንም ጎብኚ ይህችን የምታስል ጀልባ መርጦ አይሳፈርም። ደግሞም ታሪኩን ትወደዋለች። ትንሽ ሳለች እሷም እውነት መስሏት፣ በየምሽቱ ከባሕሩ ዳር ቆማ ኤሊዋን ትጠራት ነበር።

ልጁ አየር መሰብሰብ ጀመረ። አንድ በረዥሙ ሳበና አስወጣ። ሁለተኛውን ሊስብ ሲል ወደ እሷ ዞረ።

«ስሚ፣ አንቺ አይተሻል አይደል? በየት በኩል ነው የወጡት? በግራ ነው በቀኝ?»

ጀልባዋ ውስጥ ያለው ሁሉ ምስክሯን አየ። ካፒቴኑ ዓይኑን ከእሷ አንስቶ ወደ ጥቁሩ አለት መለሰ።

መሪውን ለቀቀች። ጠርዙ ላይ ተንበረከከችና የልጁን እጅ አንጓው ላይ ግጥም አድርጋ ያዘች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አልወጣም። አልገባምም። ውስጡ ግድግዳ ነው» አለች። «አባዬ ዋና አይችልም።»