ሽማግሌ አትላክብኝ

ሥርጉት የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ነጠላዋ ወደቀ። ሕሩይ አንሥቶ ሊያቀብላት ከኋላዋ ተጠጋ። «እትዬ» ከማለቱ ጮኸች። የባሕር ዛፉን ግንድ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ቆየችና በራሷ ሳቀች።

«ይቅርታ... ከኋላ አይምጡብኝ እንጂ ከፊት ለፊት እንኳ ደኅና ሴት ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሕሩይ ገና ከሩቅ ሲያያት ጉሮሮውን ይጠርግ ጀመር። እሱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ እሷ አግብታ የማታውቅ፣ ቀበና በእናቷ ቤት ብቻዋን የምትኖር። አብረው መውጣት ለመዱ። አንቱታው ቀረ። ስልሳን ካለፉ በኋላ ልብ እንዲህ ይደነግጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

አንድ ቀን እንጋባ አላት። «እሺ» አለች። «ግን ሽማግሌ አትላክብኝ። አንተው ና። በቀን ና።»

ሕሩይ ይሉኝታ መሰለው። «ጠግቤያለሁ» ያለን እንግዳ ሦስቴ ሳይለምኑ መተው ነውር በሆነበት አገር ያደገ ሰው ነው። ጠያቂ እንደሌላት ሴት ሳይሆን በወግ በማዕረግ ሊያገባት ፈለገ። ጎረቤቱን ለተጊዮርጊስንና ሌሎች ሁለት አዛውንቶችን እሑድ በማለዳ ላከ። እንደ ወጉ ደጇ ላይ ቆሙ።

አልከፈተችም። «እዚህ ቤት ወንድ የለም፤ ሂዱ!» እያለች ከውስጥ ጮኸች።

«እንደ ውሻ ነው ያባረረችን» አለው ለተጊዮርጊስ ተመልሶ፤ «በዚህ ዕድሜህ ምን አቅብጦህ ነው?»

ሕሩይ አፈረ። ዳገቱን መውጣት ተወ። በሳምንቱ ስትደውልለት፣ ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም እያየው ተቀመጠ።

ክረምቱ ሲያልፍ የሥርጉትን የእህት ልጅ ሩሃማን ሾላ ገበያ አገኛት። «ጋሼ፣ ምን አድርጋዎት ነው የቀሩት?» ብላ ያዘችው። ከዚያ ነገረችው። በቀይ ሽብር ጊዜ በማለዳ ሦስት ሰዎች እዚያው የቀበናው ቤት ደጅ ቆመው ነበር። ግቡ ቢባሉ አንገባም፣ ወንድምሽን ለአጭር ጥያቄ ነው የምንፈልገው አሉ፤ በትሕትና። በሩን የከፈተችው ሥርጉት ናት። ወንድሟ አልተመለሰም። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣች ኮተቤ፣ እነ ሩሃማ ቤት ወስደዋታል።

ሕሩይ በማግሥቱ ሄደ። ሥርጉት ከስታለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትላክ ብዬህ ነበር እኮ።»

ሕሩይ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ደወልኩልህ...» አለች። «ያን ጊዜ ብታነሣው ሁሉንም ልነግርህ ነበር። አሁን ድምፅህን ስሰማ ያ በር ነው የሚታየኝ። ጠልቼህ አይደለም።»

«እስኪሻልሽ ልጠብቅሽ?»

እጁን ያዘችው። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

«አትጠብቀኝ። እኔ ወንድሜን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንተን እዚያ ውስጥ አላስገባህም።»

ሕሩይ እጇ እስኪሞቅ ይዞት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቃትና ሄደ።