መልሶ ያልጠቀለለ እጅ

የአሥራ ሁለተኛው ጥቅልል ማኅደር ባዶ ነበር።

ሽማግሌው ግሊኮን እጁን ወደ ቆዳው ማኅደር ደጋግሞ ከተተ። ዓይኑ ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን የሚያየው በጣቱ ነው፤ ጣቱ ደግሞ ምንም አላገኘም።

"የለችም" አለ። "ትሮፊሞስ ልጄ፣ የለችም።"

ትሮፊሞስ የሰምርኔስ ከተማ ጸጥታ አስከባሪ ነው። የመርከብ ዘራፊ አስሯል፣ ነፍሰ ገዳይ ተራራ ለተራራ አሳዷል። የዚህ ቤት ባዶ ማኅደር ግን ከዚያ ሁሉ ከበደው። የሞተ ቀዛፊ ልጅ ሆኖ በመታጠቢያ ቤት ውሃ ሲያመላልስ ፊደል ያስቆጠረው፣ ከገብስ ዳቦው ግማሹን እየቆረሰ ያበላው ይህ ሰው ነው። አምስት ሳንቲም አልተቀበለውም። ትሮፊሞስ ስሙን በጻፈ ቁጥር በልቡ ያመሰግነዋል፤ በአፉ ግን አንድ ቀን ነግሮት አያውቅም።

"መቼ ነበር የነኳት?"

"ትናንት ከሰዓት። ማኅደሯ ውስጥ ነበረች።"

"በቃልዎ አይወጡትም?"

"አሥራ አንዱን እንደ ውሃ እጠጣቸዋለሁ። የመጨረሻዋን ግን ዓይኔ እየጠፋ፣ እየተሽቀዳደምኩ ነው የጻፍኳት። ጭንቅላቴ ውስጥ አልተቀመጠችም።" ሽማግሌው ባዶውን ማኅደር ደረቱ ላይ አስጠጋ። "እሷ ከሌለች መርከቦቹ ከትሮያ ዳርቻ አይነሡም።"

ሃያ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። የጥንቱ ባለቅኔ የትሮያን ጦርነት መሃል ላይ አቋርጦታል። አንድ ጀግና ተቀበረ ይልና ዝም! ከዚያስ? ከተማዋ እንዴት ነደደች? የተማረኩት ሴቶች ወዴት ተጫኑ? የሰምርኔስ ሕፃን ሁሉ መጠየቁ አይቀርም። ግሊኮን መልሱን በአሥራ ሁለት ጥቅልሎች ጽፎ ጨርሷል። ከነገ ወዲያ በበዓሉ ቀን በቴአትሩ እንደሚሰማ ከተማው በአዋጅ አስነግሯል።

ስለዚህም ነገሩ ከቤት አልፎ ወጣ። ጠዋት ሽማግሌው ሲጮህ ጎረቤት ሰማ፣ ጎረቤት ለዳኛው ነገረ፣ ዳኛውም ደሙ ፈላ። ትእዛዙ አጭር ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ጥቅልሉ ካልተገኘ የቤቱ አገልጋይ ለምርመራ ትቅረብ። ምርመራ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሕጉ የባሪያን ቃል የሚያምነው ከጅራፍ በኋላ ብቻ ነው።

የቤቱ አገልጋይ አንድ ናት፤ ክሬስቴ ትባላለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ምግብ ታበስላለች፣ ሽማግሌውን እጁን ይዛ ትመራለች። አሁን በሩ ላይ እንስራ አቅፋ ቆማለች። ትእዛዙን ሰምታለች።

"ትናንት ማን መጣ?" ሲል ጠየቀ ትሮፊሞስ።

"አፒያኖስ ምሳ በላ" አለ ግሊኮን። "ባለቅኔው። የእኅቴ ልጅ ኤውፕሎስም ጠዋት ብቅ ብሎ፣ እንደ ልማዱ አጋንንት ታወድሳለህ ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ።"

"ክሬስቴስ?"

"እሷማ ፊደል የት አውቃ! ጥቅልል ምን ይሠራላታል?"

ክሬስቴ መሬት መሬት አየች።

ትሮፊሞስ የመጀመሪያውን ጥቅልል አውጥቶ ገለጠው። የወጣለት የመጨረሻው መስመር ነው። ሁለተኛውን ገለጠ፤ እሱም ከመጨረሻው ጀመረ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አሥራ አንዱም ጥቅልሎች እስከ መጨረሻው ተነብበው ተመልሰው ሳይጠቀለሉ ነው የተቀመጡት።

"መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዲህ የተዉአቸው?"

ሽማግሌው ሐዘኑን ረስቶ ተቆጣ። "እኔ? መልሼ ሳልጠቀልል? አንተን ስንቴ ነው ጣትህን የቀጠቀጥኩህ?"

ትሮፊሞስ ፈገግ አለ። ጣቱ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። "ጥቅልሉን ወደ መጀመሪያው ሳትመልስ ካስቀመጥክ፣ በልተህ ሳታመሰግን ከማዕድ የተነሣህ ነህ" ይል ነበር መምህሩ፣ ሸምበቆውን እያወዛወዘ።

"በፀደይ እኔው በእጄ አንድ በአንድ ጠቅልዬ ነው የከተትኳቸው" አለ ግሊኮን። "ከዚያ ወዲህ ከመጨረሻዋ በቀር አልነካኋቸውም።"

እንግዲህ ከፀደይ ወዲህ አንድ ሰው አሥራ አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቧል። ሌባ ደግሞ ተቀምጦ አያነብም። ነጥቆ ይሮጣል።

ትሮፊሞስ የመጀመሪያውን ጥቅልል በብብቱ ይዞ ወጣ።

ደጃፉ ላይ ሽንብራ የምትለቅም ጎረቤት እጀ ጠባቡን ያዘችው። "አፒያኖስን ጠይቀው! ትናንት ሲወጣ ካባው ሥር አንድ ነገር ደብቆ ነበር። ይህን የሚያህል!" ክንዷን አሳየችው።

የጥቅልል ቁመት ነው።

አፒያኖስ መታጠቢያ ቤት ሆዱን ዘይት ሲያስቀባ ተገኘ። ትሮፊሞስ ምንም ሳይል ጥቅልሉን አቀበለው። ባለቅኔው ገለጥ አደረገና አፍንጫውን ነፋ።

"የግሊኮን ነው። አንካሳ መስመር በመቶ እርምጃ አውቃለሁ።"

"ትናንት ምን አወራችሁ?"

"መከርኩት። መጨረሻው ላይ የተማረኩት ሴቶች መርከብ ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። ሰማንያ መስመር ለቅሶ! ከጀግኖቹ በኋላ የገረድ እንባ ማን ይሰማል? አጥፋው አልኩት።"

"እሺ አለ?"

"አመሰገነኝ እንጂ! ዛሬ ጠዋት ሄጄ ቦታውን ላሳየው፣ በሰፍነግ ሊያጥበው ተቀጣጥረን ነበር። ከዚያ ጠፋ ሲባል ሰማሁ፤ ከነገሩ ልራቅ ብዬ ወደዚህ መጣሁ።"

"ካባዎ ሥር ምን ይዘው ነው የወጡት?"

አፒያኖስ ፊቱ ደም መሰለ። ዘይት ቀቢው ጆሮውን አቆመ።

"ቀስ ብለህ ተናገር" አለ ባለቅኔው። "ዓሣ ነው።"

"ምን?"

"በጨው የደረቀ ዓሣ! ከምሳው የተረፈ። ያቺ ክሬስቴ እጇ ይባረክ፣ ምን እንደምታደርግበት አላውቅም። ሚስቴ እንዲህ አትችልበትም። በቃ፣ ስቀህ ጨርስ!"

ትሮፊሞስ አልሳቀም። የሰውየውን እጅ እያየ ነበር። አፒያኖስ ሲሳደብም፣ ሲያፍርም፣ ዓሣውን ሲናዘዝም፣ ጣቶቹ በራሳቸው ጊዜ ጥቅልሉን ወደ መጀመሪያው እየመለሱ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያደረገው ነገር ስለሆነ አይታወቀውም። አጥብቆ፣ አስተካክሎ፣ ጠቅልሎ መለሰለት።

የሚፈለገው እጅ ይህ አይደለም።

ኤውፕሎስ የሚገኘው በአናጢዎች ሰፈር፣ የክርስቲያኖች መሰብሰቢያ ቤት ነው። በጉባኤያቸው መጽሐፍ የሚያነብላቸው፣ ፊደልም የሚያስቆጥራቸው እሱ ነው። ቀጭን፣ ቁጡ ወጣት ነው።

"አጎትህ ተሰርቋል" አለው ትሮፊሞስ።

"ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ ለማለት ነው የመጣኸው?"

"መጀመሪያ የዚህን የመጨረሻ መስመር አንብብልኝ።"

ኤውፕሎስ ጥቅልሉን እየተበሳጨ እስከ ጫፉ ዘረጋው፣ አነበበ፣ እንዳለ መለሰለት። መልሶ አልጠቀለለውም። በአጠገቡ ያለው መጽሐፍ ጥቅልል አይደለም። ቅጠሎቹ በአንድ ጎን ተሰፍተው በሳንቃ የተጠረዙ ናቸው። እሱ ሲዘጋ ብቻውን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ትሮፊሞስ ወደ እሱ ጠጋ አለ። "እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ ልበል?"

"ምን አድርጌ?"

"የአጎትህን አሥራ አንድ ጥቅልል ያነበበ ሰው መልሶ አልጠቀለለም። እንዳንተ።"

ወጣቱ ነገሩ ሲገባው ገረጣ። "ትናንት ከአጎቴ ቤት ወጥቼ እስኪመሽ አንዲት መበለት ስንቀብር ነበር የዋልነው። አርባ ሰው አይቶኛል። ደግሞ አሥራ አንድ ጥቅልል ማንበብ የስንት ቀን ሥራ ነው? እኔ እዚያ ቤት አንድ ዳቦ ከሚበላበት ጊዜ በላይ ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ በፊት እንጣላለን።"

እውነቱን ነው። ትሮፊሞስ ተቀመጠ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ፊደል የምታስተምረው ማንን ነው?"

"የፈለገ ይማራል። ቀዛፊ፣ ሸማኔ፣ ገረድ።"

"ከአጎትህ ቤትስ?"

ኤውፕሎስ ከንፈሩን ነከሰ።

"ሲሰርቅ ያየሁት ሰው የለም" አለ በመጨረሻ። "ሲማር ያየሁትን ሰው ደግሞ ለጅራፍ አልሰጥም።"

ትሮፊሞስ ከዚያ በላይ አልጠየቀውም። ትከሻውን መታ አድርጎለት ወጣ።

ክሬስቴ ማድ ቤት ዓሣ ታጸዳ ነበር። ጥላው ሲያርፍባት ቀና አላለችም። ጥቅልሉን ዘረጋላት።

"እንዳይቆሽሽ ተጠንቀቂ።"

"እኔ ምን ላደርገው ጌታዬ? ፊደል አላውቅም።"

እንዲህ እያለች ግን እጇን በውሃ ታጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ ጥቅልሉን ተቀብላም ተገልብጦ የነበረውን አቃናችው። ወዲያው ምን እንዳደረገች ገባትና ቀጥ አለች።

"ለምን መልሰሽ አትጠቀልያቸውም ነበር?" አላት በለሆሳስ።

"መጠቅለል አለበት እንዴ?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ማንም አልነገረኝ። የኛ መጽሐፍ ሲዘጋ አለቀ።"

"አሥራ ሁለተኛዋ የት ናት?"

በጣቷ የገብሱን ማሰሮ አሳየችው። ትሮፊሞስ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። ገብሱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘ።

"እንግዲህ ለምን?"

"እኔ የትራፔዙስ ከተማ ልጅ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር ዘራፊዎቹ በመርከብ ሲመጡ። ከተማው ሲነድ ከባሕር ላይ አየሁት። እናቴ ዳርቻው ላይ ቀረች። ሴቶቹ መርከቡ ላይ አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ያን ለቅሶ ለማንም ነግሬ አላውቅም።" አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። "የዛሬ ሦስት ክረምት ጌታዬ በንዳድ ተኝቶ ሳስታምመው፣ አይሰማም ብዬ እያንጎራጎርኩት ነበር ለካ። ሰምቷል። እሱ ሲያሸልብ እየሰረቅሁ ሳነብ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ አገኘሁት። ቃል በቃል! እናቴ እዚያ ውስጥ አለች ጌታዬ። የትም የሌለች እናቴ!"

"ትናንት ደግሞ እጠበው ሲባል ሰማሽ።"

"ነገ ጠዋት ሰፍነግና ውሃ አምጪልኝ አለኝ። እኔኑ! ያ ቀለም ጥላሸት ነው፤ አንድ ጊዜ ረጠብ ያለ ነገር ካገኘው የለም። ሰፍነጉን አመጣሁ። ጥቅልሏን ግን ሸሸግሁ። ከበዓሉ በፊት ልመልሳት ነበር፤ ለማጠብ ጊዜ እንዳይኖረው ብዬ ነው። ጅራፍ እንደሚመጣ አላሰብኩም።"

"ጠዋት ትእዛዙን ስትሰሚስ? ለምን አልተናገርሽም?"

"ብናገር ትታጠባለች።"

ትሮፊሞስ ጥቅልሏን ከጨርቁ አወጣት። እጇን ይዞ ወደ ሽማግሌው ወሰዳት፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው።

ግሊኮን ጥቅልሏን ተቀበለ። ክሬስቴ በጉልበቷ ወደቀች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ማንበብ የቻልሽው?" አለ ሽማግሌው።

"ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ፣ ጌታዬ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የምታነብልኝ ሰው እጄን ይዛ ትመራኝ ነበር፤ እኔም አላወቅሁም!" ጥቅልሏን በዳበሳ ወደ እሷ ገፋ። "አንብቢልኝ። ያንን ቦታ።"

አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ ይሰናከል ነበር፣ እየቆየ ተከፈተ። ስታነብ ማንበቧ ቀረና ማንጎራጎር ሆነ። ሰማንያው መስመር ሲያልቅ ሽማግሌው ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር።

"ይህን ላጥብ ነበር" አለ። "ለአንድ ዓሣ ሌባ ምክር ብዬ! እኔ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር እኮ። ንዳዱ ያመጣልኝ ሕልም መስሎኝ ነበር። ልጄ ክሬስቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሰረቅሽኝ እንጂ ባትሰርቂኝ ጠፍቼ ነበር።"

ትሮፊሞስ በዚያው ወደ ዳኛው ሄደ። ጀምበር ገና ሁለት ጦር ያህል ከፍ ብላ ነበር።

"ተገኘ?" አለ ዳኛው።

"ተገኘ። ከቤቱ ደጃፍ አልወጣም። ገብስ ማሰሮ ውስጥ ነበር።"

"ማን ከተተው?"

"ባለቤቱ የምከሰው ሰው የለም ብሏል፤ የጠፋብኝም ነገር የለም ብሏል። ዓይነ ስውር ቤት ውስጥ ዕቃ ቦታ ይስታል።"

ዳኛው አየው፣ አየው። ግጥሙ ይሰማል አይሰማም ነበር ጭንቁ። እጁን አወዛውዞ አሰናበተው።

በበዓሉ ቀን ቴአትሩ ጢም ብሎ ሞላ። ግሊኮን ከመሃል ቆመ። ክሬስቴ ከኋላው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ አሥራ ሁለተኛዋን ጥቅልል ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሲስት ታቀብለዋለች። ባለቅኔ ሲጀምር ዘጠኙን ሴት የግጥም አማልክት ማመስገን ወግ ነው። ሽማግሌው ዘጠኙንም በየስማቸው አመሰገነ። ከዚያ ፊቱን ወደ በርጩማዋ መለሰ።

"ሃያ ዓመት ዘጠኝ ስቆጥር ኖርኩ" አለ። "አሥረኛዋ ግን ማድ ቤቴ ነበረች። ክሬስቴ የትራፔዙሷ፣ አመሰግንሻለሁ።"

አዋጅ ነጋሪውም በዚያው፣ እንደ ከተማው ልማድ በሕዝብ ፊት፣ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ሴት መሆኗን አሰማ። የለቅሶው መስመር ሲደርስ ያ ሁሉ ሰው አለቀሰ። አፒያኖስ ሳይቀር ካባውን ፊቱ ላይ ጎተተ፤ ዓሣ እንዳልያዘ ትሮፊሞስ አረጋግጧል። ኤውፕሎስ አልገባም፤ ከቴአትሩ በር ውጭ ቆሞ ግን እስኪያልቅ አልሄደም።

ሕዝቡ ሲበተን ትሮፊሞስ ወደ መምህሩ ወረደ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሠላሳ ዓመት የዘገየውን ተናገረ።

"መምህር፣ ፊደል ስላስቆጠሩኝ፣ ስላበሉኝም፣ አመሰግናለሁ።"

ሽማግሌው የትሮፊሞስን ጣቶች ፈልጎ ያዛቸው፣ ድሮ የመታቸውን ቦታ በአውራ ጣቱ አሻሸ።

ክሬስቴ አልሰማቻቸውም። በርጩማዋ ላይ ጎንበስ ብላ አሥራ ሁለተኛዋን ጥቅልል ትጠቀልላለች። መርከቦቹ፣ ዳርቻው፣ እናቷ፣ የሚነደው ከተማ፣ ሁሉም ተራ በተራ ከእጇ ሥር አለፉ። እስከ መጀመሪያው መስመር መለሰቻት፣ አጥብቃ አስተካከለቻት፣ ማኅደሯ ውስጥም ከተተቻት።

"ይሄ ልክ ነው?" አለች።

ግሊኮን ጥቅልሏን በጣቱ ዳሰሳት።

"ልክ ነው ልጄ" አላት።