የእርሳሱ ፈረሰኛ

ኃይለየሱስ ከፈረንሳይ አገር ወደ አዳማ ሲመለስ ከሻንጣው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ነበረች። በውስጧ አውራ ጣት የሚያካክሉ የእርሳስ ወታደሮች ተደርድረዋል። በተማሪ ቤት ሳሉ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በሰፊ ጠረጴዛ ላይ እያሰለፉ፣ ዕጣ እየጣሉ ጦርነት ይጫወቱባቸው ነበር። የፈረንሳይ ጦር ነበረ፤ የመስኮብ ነበረ፤ የቱርክም ነበረ። የሐበሻ ግን አንድም አልነበረ።

አሁን በባቡር ጣቢያው አስተርጓሚ ነው። ዘጠኝ ዓመት ርቆ የቆየ ሰው ሁለት አገር አለው ይሉታል፤ እሱ ግን አንድም ያለው አይመስለውም። የጅቡቲው ባቡር ባለፈ ቁጥር «በሚቀጥለው እሄዳለሁ» ይላል። የሚቀጥለውም ያልፋል። ከሥራ ሲወጣ ከሣጥኑ ያወጣውን አንድ ፈረሰኛ ሐበሻ ሊያደርገው በቀጭን ብሩሽ ይለፋል።

ኮርቻው ላይ ሲደርስ ቸገረው። ረስቶታል። ስለዚህ አንድ ቀን ፈረሰኛውን በመሐረብ ጠቅልሎ ከጣቢያው በታች ወዳለው የኮርቻ ሰፊው የሁንዴ ቤት ወረደ።

ሁንዴ ገበያ ሄዷል። ሴት ልጁ ሙሉአለም ከደጃፉ ጥላ ሥር ተቀምጣ ልጓም ትሰፋለች። አጠገቧ ኮርቻቸው እስኪጠገን የሚጠብቁ መርዳሳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ።

ልጅቱ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ፈረሰኛውን ተቀበለችው። ወደ ፀሐይ አዞረችው።

«ይህ ሰውዬ ይወድቃል» አለች።

«ለምን?»

«ጫማ አድርጎ እግሩን እርካብ ውስጥ ወትፏላ! የኛ ሰው በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚያስገባው። ጋሻውንስ በቀኝ እጁ ይዞ ጦሩን በምን ሊወረውር ነው? በጥርሱ?»

መርዳሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፈረንጅ አገር ሄዶ ፈረስ ረስቶ መጣ በሉኛ!»

ኃይለየሱስ ፊቱ ጋለ፤ ግን አልከፋውም። ብዙ መምህራን ሥራውን አይተውለታል፤ እንዲህ አተኩሮ ያየለት ግን አልነበረም።

ጫማውን በቢላዋ ፍቆ ጣት ሠራለት። ጋሻውን ነቅሎ ወደ ግራ አዛወረው። በሳምንቱ ይዞ ሲመለስ ደግሞ ከኮርቻው ላይ የሚለብሰው ግላስ ጠበበ አለችው። አስፍቶ መጣ። ልጓሙ ላላ አለችው። አጥብቆ መጣ። ውሎ አድሮ አንድ ነገር ልብ አለ፦ ፈረሱን ከማየቷ በፊት ቀለም የነካውን ጣቱን ታያለች። እሱም መሐረቡን የሚፈታው ቀስ ብሎ ነው።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ በፈረሱ ግንባርና ደረት ላይ ቀይ ዘርፍ፣ ባንገቱ ዙሪያ ደግሞ ቢጫ ቃጭሎች ሥሎ መጣ። ያማረ መስሎታል።

ሙሉአለም መርፌዋን ቆዳው ላይ ሰክታ ተወችው።

«ይህ የጦር ፈረስ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ቃጭል አለው። እኛ ቤት ቃጭል የሚሰፋው ለሙሽራ ፈረስ ነው።» ዓይኗን ከፈረሱ ላይ አላነሣችም። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከሞጆ ሽማግሌ ተልኮብን ነበር። ለአንድ ነጋዴ ልጅ። አባባ እሑድ መልስ እሰጣለሁ ብሏቸዋል።»

ምን ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ከጣቢያው በኩል ባቡሩ ጮኸና ዓይኑ ሳያስበው ወደዚያ ሄደ። እሷም ዓይኑ የሄደበትን አየች።

«ገና ይቀረዋል፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ይፈጃል» አለ።

«እሺ» አለች።

ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ከደጃፉ ጥግ ሆነው ሁሉን የሰሙት መርዳሳ በትራቸውን እያስቀደሙ ደረሱበት።

«ስማ አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቀው ነበር። ሰው የለኝም ብለህ እንዳትሰጋ። እኔ አለሁ፤ ጎረቤቴ ሰንበታ አለ፤ ሦስተኛ አናጣም። አንተ ብቻ ሂዱልኝ በለን።»

«ይህን ልጨርስና፣ አባቴ።»

«ምኑን?»

ኃይለየሱስ መሐረቡን አሳያቸው። መርዳሳ አንዴ መሐረቡን፣ አንዴ እሱን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የት እንደሚኖር ያልቆረጠ ሰው እንዴት አብረሽኝ ኑሪ ይላል? ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። እንከን የሌለው ነገር ይዤላት ልሂድ፤ ያኔ አፌም ይፈታል፣ ልቤም ይቆርጣል ሲል ራሱን አጽናና። ቃጭሎቹን አንድ በአንድ ፋቀ። ቀዩን ዘርፍ በጥቁር ሸፈነ። ቅዳሜ ጣቱ ነካውና ቀለሙ ተበላሸ። እሑድ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ እንደገና ቀባው፤ ሌሊቱን ከከሰል አጠገብ አደረቀው።

ሰኞ ሲሄድ ከውስጥ የእንግዶች ሳቅ ይሰማል። ሙሉአለም ደጃፉ ላይ ብቻዋን ነበረች። ፈረሰኛውን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። እግሩን፣ ጋሻውን፣ አንገቱን።

«ቃጭሉ የለም።»

«አጠፋሁት። ስህተት ነው ብለሽኝ።»

«ስህተት ነው መች አልኩህ? የሙሽራ ፈረስ ነው አልኩህ እንጂ።»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። «ሙሉአለም፣ ዛሬውኑ መርዳሳን ልላክ። አሁኑኑ።»

«ትናንት ሳትልካቸው መጥተው ነበር» አለች። «ለአባባ ትንሽ ቆይ አሉት። ማንን ልጠብቅ ቢላቸው ስም መጥራት አቃታቸው። ከማን ተልኬ ነው ይበሉ? ከሰዓት በኋላ ለሞጆዎቹ እሺ አላቸው።» «መንገዱን ሳይ ነው የዋልኩት።»

እሱ አፉን ከፈተ። አሁን ቃሉ ሁሉ መጥቶለት ነበር፤ የሚኖርበትም አገር፣ የሚኖርበትም ቤት።

«ሙሉአለም!» አለ ሁንዴ ከውስጥ። «ማን ነው? ያ ፈረንጃችን ነው? ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለብኝ ብሎ መጣ?»

ፈረሰኛውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን አንድ በአንድ በላዩ አጠፈቻቸው። እጇ ትንሽ ቆየ።

«ምንም አልጎደለው፣ አባባ» አለች። «ጨርሷል።»