የላላው ክዳን

ሊያኦ ዴሺን ሞቶ የተገኘው በራሱ ዋሻ ውስጥ፣ ወደ ድሮው ውሃ ማጠራቀሚያ በሚወርደው ደረጃ ሥር ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። የቀኝ እጁ ጣቶች አውራ ጣት በምታህል የኪስ ባትሪ ላይ ታጥፈዋል። በኪሉንግ ከተማ ለኪሱ ትንሽ ባትሪ የሚመርጥ ሰው ሁሉ ምክር የሚጠይቀው ይህ ሰው በጨለማ ተደናብሮ ሞተ ሲባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ በገበያው ከንፈሩን ከመጠጠው ይልቅ ሳቁን የዋጠው ይበዛ ነበር።

«አዳለጠው፣ ወደቀ፣ አለቀ» አለ የጣቢያው አዛዥ። ጫማው ውሃ ገብቶበት ተነጫንጯል።

ኢንስፔክተር ሹ ሩዪን ጓንት ባጠለቀ እጇ ባትሪዋን ከሟቹ መዳፍ አውጥታ ማብሪያዋን ተጫነች። አልበራችም።

«ይኸው! ድንጋዩ አልቆበት ነው» አለ አዛዡ።

ሹ የኋላውን ክዳን በሁለት ጣቷ ይዛ ሩብ ዙር አጠበቀችው። እንደገና ስትጫን ብርሃኑ ግድግዳውን መታው፤ አዛዡ ዓይኑን ሸፈነ።

«ድንጋዩ ሙሉ ነው፤ የላላው ክዳኗ ነው» አለች። «ክዳኗ የላላ ባትሪ ጨብጦ በጨለማ ደረጃ የሚወርድ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ሲወድቅ ላልቶ ይሆናላ!»

«በመውደቅ በክር የታሰረ ክዳን አይፈታም። ደግሞ አንድ ጭረት እንኳ የላትም። እሱ እንዲህ ተከስክሶ እሷን ምን አተረፋት?»

ዋሻው ከሊያኦ የባትሪ ሱቅ ጀርባ ነው። በጦርነቱ ዘመን ከአውሮፕላን ቦምብ መሸሸጊያ ተብሎ የተቆፈረ ነው፤ በዚህ ሰፈር ግማሹ ሰው እንዲህ ያለውን ዋሻ ማድ ቤት ወይም ዕቃ ቤት አድርጎታል። ሊያኦ ግን የባትሪ መፈተኛ አደረገው። በዓመት አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባትሪ የሚወዱ ወዳጆቹ ተሰብስበው የዓመቱን የኪስ ባትሪ ይመርጣሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ባትሪ በሩ ላይ ባለው ትሪ ያስቀምጣል፣ ወደ ዋሻው የምትገባው የምትፈተነዋ ብቻ ናት። መጀመሪያም ሊያኦ ብቻውን ይገባል። ዘንድሮ ዝናቡ ሰዉን አስቀርቶት የመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ማዶ ባትሪ የሚሸጠው ጆው ነው፤ የምትፈተነዋን ባትሪ ያመጣው እሱ ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጣው የመርከብ መካኒክ ፓን ጉዌይታንግ ሲሆን በምትፈተነዋ ባትሪ ድንጋይ አስገብቶ ለሊያኦ ማቀበል የዘወትር ሥራው ነው። ከእነሱ ሌላ የነበረችው የሊያኦ ሚስት ፔይሊን ብቻ ናት።

ፔይሊን የዕቃ መደርደሪያውን መስታወት በጡጫ እየደበደበች ነበር።

«ጆው ነው የገደለው! ጠዋት ገበያ መሃል 'ጨለማ ይዋጥህ' ሲለው ያልሰማ አለ? አስራችሁ ካላሳያችሁኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

«እጁ ላይ የተገኘችው ባትሪ የማን ናት?» አለች ሹ።

«የራሱ ናታ! ዋሻ ሳይገባ ትሪው ላይ ሲያስቀምጣት በዓይኔ አይቻለሁ። ያወጣውን ሕግ የሚያፈርስ ሰው አይደለም።»

«ኪሱ ሲከታት በራሷ እንዳትበራ ክዳኗን ያላላት ነበር?»

«እሱ? እንዲያውም እንደዚያ በሚያደርጉ ሰዎች ሲያሾፍ ነው የሚውለው። 'ሌባው እስክታጠብቅ ቆሞ ይጠብቅሃል እንዴ?' ይላቸዋል።»

ጆውን በዚያው ሱቅ ሌላ ጥግ አገኘችው። ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ረግሜዋለሁ፤ ደግሜም እረግመዋለሁ! ይሸጣት የነበረችውን ሰማያዊ ዓይነት ባትሪ ተው ብዬ ስንቴ ለመንኩት! ስትግል ሳታስጠነቅቅ ድርግም ትላለች፤ ስትቀዘቅዝ ደግሞ በራሷ ትመለሳለች። ይኼን ለገዢው ንገረው ስለው፣ 'አውቃለሁ፣ ዕቃው ይለቅ ብቻ' አለኝ። ሁላችን አጎቴ የምንለው ፓን ልጁ ተራራ ላይ ገደል ገብቶ የሞተበት በእሷ ነው። ሊያኦ ነው የመረጠለት፤ 'ለኪስ ከዚህ የተሻለ የለም' ብሎ።»

«ፓን ግን አሁንም እዚህ ይመጣሉ።»

«በየሳምንቱ! ከልጁ ገዳይ ጋር ሻይ ይጠጣል። እኔ ብሆን ማንቁርቱን ነበር የማንቀው።»

«ሊያኦ ዋሻ ሲገባ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። እሰሪኝ እንግዲህ!»

ፓን ግን ረጋ ያለ ሰው ነው። እርጥብ ጃኬቱን እንደለበሰ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል።

«ሊያኦ ሲገባ ደጅ ጣሪያ ሥር ቆሜ አጨስ ነበር» አላት። «ቂም ይዤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ትቼዋለሁ።»

«በልጅዎ ቀብር ላይ ሊያኦ ምን አለዎት?»

«'መለዋወጫ መያዝ ነበረበት' አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

በማግስቱ ሹ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ ጆው ጎን ቆሟል፤ ፔይሊን ጆውን በዓይኗ እየበላችው ነው። ሹ ትሪውን የመደርደሪያው መስታወት ላይ አኖረችው።

«መጀመሪያ ንብረታችሁን ልመልስ። የየራሳችሁን ባትሪ አብሩና ደህና መሆኗን እዩ፤ ከዚያ ያዟት።»

ጆው አብርቶ አጠፋና ቦርሳው ውስጥ ወረወራት። ፔይሊን የእሷን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ፓን አበራ፣ አጠፋ፣ ባትሪዋን ኪሱ ከተተ።

«አጎቴ ፓን፣ አሁን እጅዎ ምን አደረገ?» አለች ሹ።

«ምን አደረገ?»

«ባትሪዋን ያውጧትና ማብሪያዋን ይጫኑ።»

ፓን ተጫነ። አልበራችም። ሽማግሌው የገዛ አውራ ጣቱን እንደማያውቀው ነገር አየው።

«ድሮ መርከብ ላይ ኪሴ ውስጥ በርታ ጭኔን ጠብሳኛለች» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ወዲህ ሳላላ ኪሴ አልከትም። ይኼ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ሊያኦ ክዳን አያላላም፤ ክዳኗ የላላ ባትሪ ደግሞ መንገድ አታሳይም። ስለዚህ ባትሪዋ እጁ ውስጥ የገባችው ከሞተ በኋላ ነው። የራሱ ባትሪ ትሪው ላይ ነበረች፤ ከዚያ አንስቶ ወደ ዋሻ የወሰዳት ሰው አለ። ጆው ለፈተና ያመጣት ባትሪ ደግሞ እዚህ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ እንዳለች ተገኝታለች። ታዲያ ሊያኦ ምን ይዞ ገባ?»

«ባዶ እጁን ይሆናላ!» አለ አዛዡ።

«ጨለማ መሆኑን እያወቀ? ሌላ ባትሪ ይዞ ነው የገባው። ውጪዋ የጆውን የሚመስል፣ ውስጧ ግን ስትግል ድርግም በምትለዋ ሰማያዊ ባትሪ የተተካ። እንዲህ ያለውን ሥራ ጆውም ፓንም ይችሉታል፤ ለዚህ ነው ትሪውን ያመጣሁት። ገዳዩ የሊያኦን ባትሪ ይዞ ገብቶ፣ በእሷ እያበራ ደረጃውን ወርዶ፣ አጥፍቶ ሟቹን አስጨበጠው። ሲያጠፋት እጁ እንደለመደው አላላት። ከዚያ በዚያ ጨለማ እንዴት ወጣ? በዚያችው ሊያኦን ባሳሳተችው ባትሪ። ቀዝቅዛ፣ ተመልሳ በርታ ነበራ።»

ፓን እጁን ወደ ጃኬቱ ውስጠኛ ኪስ ሰደደ፤ አዛዡ በድንጋጤ ተስፈነጠረ። ሽማግሌው ያወጣው ግን አንዲት ትንሽ ባትሪ ነበር። ክዳኗን አጠበቀ፣ አበራትና መስታወቱ ላይ አቆማት። ኮርኒሱ በብርሃን ተሞላ።

«ውስጧ የልጄ ባትሪ ነው» አለ። «ፖሊስ የመለሰልኝ።»

«ሻይ እየቀዳሁልህ!» ፔይሊን ጮኸች። «አጎቴ እያልኩህ!»

«አዎ፣ ቀድተሽልኛል። አንቺም ይህችን ባትሪ በወረቀት ጠቅልለሽ ለልጄ ሰጥተሽዋል።»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እሱ ግን ያውቅ ነበር» አለ ፓን፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ልጄ ሲገኝ የባትሪዋ ክዳን ክሩ ተበልቶ ነበር። ማላላት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ድርግም ስትልበት ማጥበቅ የረሳ መስሎት በጨለማ እየተራመደ ሲያጠብቅ፣ ሲያጠብቅ... ቁጭ ብሎ ቢጠብቃት ትመለስ ነበር። 'ከጠፋች ቁጭ በል' የሚል አንድ ቃል ብቻ! ነፈገው።»

«ሊያኦን ገፍተውታል?» አለች ሹ።

«ጫፉን አልነካሁም። የእሱን ባትሪ ከትሪው አንስቼ በጨለማ ተከተልኩት፤ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ብርሃኑ ሲጠፋበት 'ማነው እዚያ? አብራልኝ!' አለ። 'መለዋወጫ መያዝ ነበረብህ' አልኩት። ያኔ ምን እንደያዘ ገባው። 'ፓን ወንድሜ፣ ፓን ወንድሜ' እያለ ከድምፄ ወደ ኋላ ሸሸ። ደረጃው ከኋላው ነበር።»

«ኪስዎ ውስጥ ብርሃን ነበረ፤ አላበሩለትም።»

«አላበራሁለትም። አይጸጽተኝምም። ጆውን ሊወስዱት ቢሉ ግን ዛሬ ራሴ እናገር ነበር፤ እጄ ቀደመኝ እንጂ።»

አዛዡ የጆውን ጎን ለቆ ካቴናውን ይዞ ወደ ፓን መጣ። መስታወቱ ላይ ያለችው ባትሪ በዚህ መሃል እየጋለች ነበር፤ ድንገት ድርግም አለች። የዝናቡ ቀን ሱቁን አጨልሞታል። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ፔይሊን ብቻ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ከልጄ የተሻለ ዕድል ሰጥቼዋለሁ» አለ ፓን እጆቹን ለካቴናው እየዘረጋ። «ባትሪዋ ተመልሳ እንደምትበራ ያውቅ ነበር፤ ምን ማድረግ እንደነበረበት ሚስቱም አሁን አወቀችው። ቁጭ ማለት ብቻ ነበረበት።»

ጥቂት ቆይታ፣ ማንም ሳይነካት፣ ባትሪዋ መልሳ በራች።