ምነው ሌላ ሴት በሆነች!

መጀመሪያ የተዋወቅነው ጋውኔ ላይ ሲተፋ ነው።

ሁለታችንም የፋርማሲ ማስተርስ ተማሪዎች ነበርን። እኔ የሕፃናት ሽሮፕ መራራነቱ የሚቀንስበትን መንገድ አጠናለሁ፤ እሱ ቀማሽ ሊሆን ፈቅዶ መጣ።

«ውይ! ይሄ መድኃኒት ነው ቅጣት?»

«ጋውኔን እኮ አበላሸኸው!»

«አጥቤ ባላመጣ ሰው አትበይኝ!»

አጥቦ፣ ተኩሶ አመጣልኝ። ልቤም አብሮት ሄደ።

የእሱ ጥናት ያው ሽሮፕ ሳይበላሽ ስንት ወር እንደሚቆይ ማየት ነበር። ስንመረቅ ልንጋባ ተስማምተን ቀለበት አሰረልኝ። እናቴማ «ልጄ» ትለው ጀመር።

መመረቂያችን ሲቃረብ ግን ራቀኝ። ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ብቻ።

«ሌላ ይዟል፤ አትጃጃዪ!» አለችኝ እህቴ።

ድብን ብዬ ቀናሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳልነግረው ላብራቶሪ ሄድኩ።

ብቻውን ነበር። ፊቱ የተደረደሩት ጠርሙሶች ውስጣቸው ደፍርሷል፤ ላያቸው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ተንሳፏል። እሱ ግን መዝገቡ ላይ «አልተበላሸም» እያለ ይጽፋል!

«ምን እያደረግህ ነው?»

ደነገጠ... ከዚያ ፈገግ አለ። «የፒኤችዲ ማመልከቻው ሊዘጋ ነው፣ የኔ ቆንጆ። እንደገና ልጀምር ብል ዓመት ይፈጃል።»

«የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው እኮ!»

«ገና ጥናት ነው፤ ማን ይጠጣዋል? ደግሞ ለእኛ ብዬ ነው!»

ጉንጬን ሊዳስስ እጁን ዘረጋ። ስንቴ የሳምኩት እጅ... ቀፈፈኝ! ምነው ሌላ ሴት በሆነች አልኩ በልቤ። አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

«እስከ ሰኞ ለአማካሪያችን ራስህ ንገራቸው። ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አትወጅኝም ማለት ነው?»

«እወድሃለሁ። የሚያንገፈግፈኝም መውደዴ ነው!»

አልነገራቸውም። ማክሰኞ እኔ ነገርኳቸው። ጥናቱ ተሰረዘ፤ የፒኤችዲ ዕድሉም አመለጠው። ቀለበቱን በእህቴ እጅ መለስኩለት።

አማካሪያችን ጥናቱን ከመጀመሪያው እንድሠራው ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ። ቀን ቀን እሠራለሁ፤ ቤቴ ስገባ ትራሴን አቅፌ እሱን እናፍቃለሁ። ራሴንም ተጸየፍኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኘን። መድኃኒት አከፋፋይ ሆኗል።

«ሽሮፑስ?»

«ሁለቴ ሻገተ። እንደሻገተ ጻፍኩት። ሦስተኛው ነው የቆየው።»

ሳቀ። «ሞኝ! ማን ያይሽ ነበር?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከልቤ ማውጣት ያቃተኝ ሰው በዚች ቃል ወጣ። ደህና ሁን ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ወደ ኋላ ማየት እንኳ አላማረኝም።